ለተካ የቀዳነው ካሴት

ሰኔ 19

ዛሬም ዝናብ። ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት እስክደርስ ጫማዬ ጭቃ ጠግቦ ከበደኝ። እማዬ ገበያ ናት፣ ወንድሜ ተካም የለም። ጊታሬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደስ ይለኛል። ማንም አይሰማኝማ። ችግሩ እኔም ራሴን አልሰማም። ጣቶቼ ይሄዳሉ፣ የክሮቹ ንዝረት ደረቴ ላይ ይሰማኛል፣ ድምፁ ግን የለም። ልምምድ ነው ይሄ? የጣት ስፖርት ነው እንጂ።

ሦስተኛው ክር ከተበጠሰ ወዲህ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተክቼዋለሁ። ከገመዱ አንድ ዘለላ ፈትቼ ወጠርኩት። ቃኝቼው ዞር ከማለቴ ይወርዳል። የጊታር ክር ከከተማው ጠፍቷል። ፒያሳ ያለው ባለሱቅ "እህቴ፣ እሱን ተዪውና ክራር ግዢ" ብሎኛል።

ዝናቡ ቀጥ ሲል እጄም ቀጥ አለ። ለምዷል።

እማዬ ገብታ አልጋው ላይ አየችው። "ይሄ ሳጥን ዛሬም ወጣ?" 

ሰኔ 24፣ እሑድ

ዝናብ በሌለበት መጫወት አልነበረብኝም። ቀስ ብዬ ነው የጀመርኩት፣ በአውራ ጣቴ ብቻ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው ጥበቃ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ።

"እዚህ ቤት ጸሎት አለ እንዴ?"

ጊታር ከተሰማ ጴንጤ አለ ማለት ነው። ሌላ ነገር አይታያቸውም። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተሳሳተም። ጊታሩን ያገኘሁት ሆሳዕና ከተማ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። የተማርኩበትም መዝሙር ነው። እዚህ አዲስ አበባ መጥተን የምንሄድበት ጸሎት ቤት ከታሸገ በኋላ ግን እማዬ የምትጸልየው ብቻዋን፣ ከንፈሯን እንኳ ሳታንቀሳቅስ ነው። ጊታሩም ከዚያ ወዲህ ኑሮው አልጋ ሥር ሆነ።

 ያዳነን ተካ ነው። ከጓዳ ወጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ስለ ትግል፣ ስለ ድል፣ እዚያው እየፈጠረ ዘፈኑን በሙሉ ድምፁ ለቀቀው። ጥበቃው ግራ ገባው።

"የኪነት ቡድን ናችሁ?"

"እየሆንን ነው ጓድ!" አለ ተካ።

ሲሄድ ሳቅን። እማዬ አልሳቀችም።

ይሄ ወንድሜ ድምፅ አለው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰ፣ ውጤት አልመጣለትም፣ ሥራ የለም። እኔ መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ እውላለሁ፣ እሱ ሰፈር ሲያስቅ ይውላል። ድምፁን ግን ከየት አመጣው? ከአባባ አይደለም። አባባ በሕይወት ሳለ መዝሙር ሲጀምር ጉባኤው ሁሉ ደንግጦ ቀና ይል ነበር።

ሐምሌ 1፣ እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ። ሁለተኛው ዙር ብሔራዊ ውትድርና። ለዕድሜው የደረሰ ወንድ ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ... ምን ላድርግ? አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እጇ ያጨበጭባል፣ እንባዋ ይወርዳል።

ተካ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

እማዬ እራት አልበላችም።

ሐምሌ 4

ቀመሪያ ቧንቧው ጋ ጠራችኝ። የጎን ጎረቤታችን ናት። በእኛና በእነሱ ቤት መሃል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ባሏ ሰዒድ መርካቶ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል።

"ሰማሽ?" አለችኝ ባልዲዋን እያስተካከለች። "የከፍተኛው ኪነት፣ ከቀበሌያችን በላይ ያለው፣ ሰው ይፈልጋል አሉ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል። ኪነት የገባ ለጊዜው ለውትድርና አይነካም ይላሉ።"

"ማነው የሚለው?"

"ሰው ነዋ! የሰዒድ ደንበኛ ልጁን በዚያ ነው ያስቀረው። ግን ዘፈኑን በካሴት ቀድቶ ማስገባት ነው አሉ። አዳራሹ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ቆሞ የሚፈተን የለም።"

በካሴት... በምን ቴፕ? የት ሆነን?

ለተካ እራት ላይ ነገርኩት። "ለእነሱ አልዘፍንም" አለና ሳህኑን ገፋ። እኔስ ለእነሱ መጫወት አምሮኝ ነው? ግን ሌላ ምን አለን?

ሐምሌ 5

ተካ እሺ አለ። እማዬ እግሩ ላይ ወድቃ ነው።

ሐምሌ 9

ሰዒድ ቴፑን አዋሰን። ጥቁር፣ እጀታው የተሰበረ፣ ማይክሮፎኑ እዚያው ሆዱ ውስጥ ያለ። "ቀዩንና አጠገቡ ያለውን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ሌላውን አትነካኪ" አለኝ። ሲያስረክበኝ ልጁን የሚሰጥ ነበር የሚመስለው።

በዝናብ ሞከርነው። ተካ ዘፈነ፣ እኔ መታሁ። መልሰን ስንሰማው ተልባ ሲቆላ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተልባ! ከተልባው ውስጥ አንድ ሰው በሩቅ የሚጣራ ይመስላል... እሱ ተካ ነው። ጊታር የሚባል ነገርማ የለም።

ሲዘንብ መለማመድ እንጂ መቅዳት አይቻልም። ሲያባራ መቅዳት ይቻላል፣ ግን ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ይቀዳል። እንዴት ነው ታዲያ የሚሆነው?

"ይሄንኑ እናስገባና የክረምት ዘፈን ነው እንበላቸው" አለ ተካ።

ሐምሌ 14

ለጥበቃው ተካ ሄዶ ለኪነት መሆኑን ነገረው። "ጥሩ፣ በርቱ" አለ። አሁን እንዴት እየሄደላችሁ ነው እያለ ይመጣል፣ የሚያንኳኳውም ልክ ስንጀምር ነው።

ዛሬ ደርቆ ዋለ። በሩን ዘጋን፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ እማዬ ሰው እንዳይገባ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ውሻ። ቀጥሎ በርበሬ ወቀጣ። ከዚያ ኳስ፣ ግድግዳችን ላይ። ቀመሪያ ወጥታ ልጆቹን አባረረች። የእሷም ጩኸት ተቀዳ።

ሶኬት ላይ ስንሰካው ቴፑ እምምም ይላል። ካሴቱ ውስጥ ንብ የገባ ይመስላል። በባትሪ ድንጋይ ስናደርገው ንቡ ጠፋ፣ ነገር ግን ድንጋዩ አሮጌ ኖሮ ቴፑ እየደከመ ነው የቀዳው። አዲስ ድንጋይ አስገብተን ስንሰማ ተካ እንደ ሕፃን ይንጫጫል። ከግድግዳው ማዶ የቀመሪያ ሳቅ ተሰማኝ። ተካም መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔን አላሳቀኝም። ቀኑ እየሄደ ነው እኮ!

ሐምሌ 15፣ እሑድ

አንድ ማይክሮፎን፣ ሁለት ድምፅ። ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ቴፑን መሃል ስናስቀምጠው ተካ ጊታሩን ይውጠዋል። ወደኔ ስናስጠጋው ጊታሩ ይገናል፣ ተካ ጓዳ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። ወንበር ላይ አደረግነው፣ አልጋ ላይ፣ የታጠፈ ጋቢ ላይ... ትንሽ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ሌላ ዘፈን ይሆናል።

ወሰንኩ። ቴፑ ተካ ፊት፣ እኔ ጥግ ላይ። ጊታሩ ከሥር ከሥር ከተሰማ ይበቃል። የሚዘምተው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ቅር አለኝ? ትንሽ። ይሄን ሁሉ ዓመት ዝናብ ሥር ተደብቄ ስጫወት ኖሬ፣ አንድ ቀን በካሴት ልቀዳ ስል ደግሞ ጥግ... ይሁን። ይሁን!

ተካ ግን ደስ አላለውም። "ጊታርሽ የማይሰማበት ምኑን ዘፈን ሆነ?" አለ። ዝም በል አልኩት።

ሐምሌ 19

ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ከተካ ጋር ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ግጥሙ ቀድሞ መታየት አለበት። የኪነቱ ኃላፊ ጓድ ወጋየሁ ይባላል። ካኪ ለብሷል፣ ፊቱ ክፉ አይደለም። ተካ የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበው።

ክረምቱ በረታ ወንዙም ሞላብኝ፣
ከማዶ እያየሁሽ መሻገር አቃተኝ።

"ማዶ ማለት ምንድን ነው?"

"የወንዙ ማዶ" አለ ተካ።

"ከማዶ ያለችው ማን ናት? ውጭ ሀገር ናት?"

 ቶሎ ብዬ "እናት ሀገር ናት ጓድ" አልኩ።

"እናት ሀገር ማዶ ናት እንዴ? እዚህ ናት እንጂ!" ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ትንሽ አሰበና "ወንዙ ይቆይ። ግን ወጣት አቃተኝ አይልም። ይሻገር" አለ።

እሺ፣ ተሻገርን። መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር ጨመርን። ካሴቱ እስከ ነሐሴ 7 ይግባ ተባለ።

ስንወጣ ተካ "እኔ እኮ ዋናም አልችል" አለኝ።

ሐምሌ 29

የፍሬን ሽቦው ጣቴን ቀደደው። ታይፕ ስመታ ወረቀቱ ላይ ደም ጣልኩ። አለቃዬ "ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ። ቢላዋ አልኩ። ፕላስተር ስለጥፍ ክሩ ይታፈናል፣ ሳነሳው ያቃጥለኛል።

የቀመሪያ ሕፃን ታማለች። ድምፅ በሰማች ቁጥር ትባንናለች። ቀመሪያ ምንም አላለችኝም፣ አለማለቷ ነው የባሰብኝ። የተካ ጉሮሮ ዘግቷል። ሰዒድ ቴፑን ነሐሴ 7 ሊወስደው ነው። ከቀዳነው ሁሉ ሰው ፊት የሚቀርብ አንድም የለም። ውሻ ያልገባበት ዝናብ ገብቶበታል።

ተካን ቀበሌ ወስደው መዘኑት፣ ለኩት። ጤነኛ ተብሏል። እማዬ ስትሰማ "ምነው ትንሽ እንኳን ቢታመም ኖሮ" አለች። እናት እንዲህ የምትልበት ጊዜ መጣ።

ነሐሴ 3

ኦቦ ቱሉ ወተት ይዘው መጡ። የላፍቶ ገበሬ ናቸው፣ በአህያ እየመጡ ለሰፈሩ ይሸጣሉ። ፍልሰታ ስለገባ የሚገዛቸው የለም፣ እኛና ቀመሪያ ብቻ። እኛ ደግሞ ስንቀዳ ነበር። ልክ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል አንዱ ጣራው ላይ ወጥቶ ምስማር መምታት ጀመረ። ተካ ቴፑን አንስቶ ሊወረውረው ሲል እጁን ያዝኩት።

ኦቦ ቱሉ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል።

"የኔ ቤት ሣር ነው" አሉ። "ዝናብ ቢመጣ አይጮኽም። ሰውም የለም። እሑድ ኑ።"

"እንዳናስቸግርዎ..." አለች እማዬ።

"የኔ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ሄደ። ማረስ እንጂ ዘፈን አያውቅም። ቢያውቅ እኔም እንደናንተ እዞር ነበር።"

 አህያቸውን ነዱ።

ነሐሴ 6፣ እሑድ

ላፍቶ በእግር። ቴፑን በላስቲክ ጠቅልዬ በጀርባዬ አዘልኩት፣ ጊታሩን ተካ ራሱ ላይ ተሸከመው። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። አንዷን ወንዝ ስንሻገር ውሃው ገፋ አደረገን፣ ተካ "ይኸው ተሻገርኩ ጓድ ወጋየሁ!" ብሎ ጮኸ።

የኦቦ ቱሉ ባለቤት ገዲሴ ይባላሉ። ጥጆቹን አስወጥተው፣ ዶሮዎቹን አባረው፣ ቤቱን ጠርገው ጠበቁን። ሳሎን ብሎ ነገር የለም፣ አንድ ክብ ቤት ነው። ቴፑን በርጩማ ላይ ተካ ፊት አደረግኩት፣ እኔ ምሰሶው ጋ ተቀመጥኩ። ስንጀምር ዘነበ። አለቀልን አልኩ... ከዚያ አዳመጥኩ። ምንም የለም! ሣሩ ዝናቡን ዝም ብሎ ይጠጣዋል። እንዲህም ያለ ጣራ አለ ለካ።

ሁለት ጊዜ ተሳሳትን፣ አንዱ ከኔ። የተረገመው ሽቦ ወረደ። አጎንብሼ፣ ጆሮዬን ጊታሩ ላይ ለጥፌ ቃኘሁት። ቀና ስል ተካ "ተዘጋጀሽ?" አለኝ፣ ጀመርን።

እንደ ዛሬ ተጫውቼ አላውቅም። ጣቴ እንኳን አላመመኝም። ራሴን ሰማሁት... እያንዳንዱን ክር። ተካም ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈነ።  እማማ ገዲሴ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው አበሱ። ኦቦ ቱሉ "ልጇን ነው የምትለው" አሉ።

ድንጋዩ እንዳያልቅ ብለን መጀመሪያውን ብቻ ሰማነው። ጥርት ያለ ነው። ተቀዳ! በመጨረሻ ተቀዳ።

ነሐሴ 7

ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ሙሉውን ሰማሁት። ጊታሩ ጎልቷል። በጣም ጎልቷል። የተካ ድምፅ አለ፣ ያምራል፣ ግን ከኋላ ነው። ቴፑን እሱ ፊት አላደረግኩትም እንዴ? ጣራው ይሆን? የቤቱ ክብነት?

ሌላ ቀን የለም። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው።

ለተካ "ድምፅህ ትንሽ ራቀ" አልኩት። "ጥሩ ነው፣ ይግባ" አለ። በምሳ ሰዓት ወስጄ አስገባሁት።

እንዲያው ለራሴ ብቻ... ጊታሩ ሲያምር ደስ ብሎኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ልስማው ብዬ ሁለት ጊዜ ሰማሁት።

ነሐሴ 17

ስም ወጥቷል። ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ከላይ ወደ ታች አነበብኩ፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩ። ተካ የለም። የኔ ስም ግን አለ፣ ውብነሽ። "ጊታር" ይላል ከጎኑ።

ወደ ጓድ ወጋየሁ ገባሁ። ስሕተት ነው አልኩት። ዘፋኙ ወንድሜ ነው፣ እኔ አጃቢ ነኝ።

"ስሕተት አይደለም። ድምፃዊ ሞልቶናል ጓድ ውብነሽ። ሴት ጊታር የምትመታ ግን በዚህ ሁሉ ካሴት ውስጥ አንቺ ብቻ ነሽ። ስሰማው ወንድ መስሎኝ ነበር፣ ተገርሜያለሁ።"

"እሱን ውሰዱትና እኔም እመጣለሁ። ሁለታችንንም።"

"የዘማች ኮታ አለ።" ፊቱን አቀረቀረ። "እኔ የምቀንሰው አይደለም። ልጁ ይዘምታል፣ አንቺ በሙያሽ ታበረታቻለሽ። ሁለታችሁም አገልግሎት ነው።"

"እምቢ ብልስ?"

"ለመሥሪያ ቤትሽ ተነግሯል። ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ እዚህ ነሽ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እምቢ አትበይ፣ እህቴ" አለኝ። አላስፈራራኝም። እሱ ራሱ የፈራ ይመስላል።

ዘፈኑንስ አልኩት። "ዜማው ጥሩ ነው፣ እንጠቀምበታለን።"

ነሐሴ 18

ለእማዬ ትናንት መንገር አልቻልኩም። ዛሬ ተካ ነገራት። "ውብነሽን ወሰዷት!" አለ እየሳቀ፣ ሎተሪ የወጣልኝ ይመስል። እማዬ አየችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"እግዚአብሔር በሰጠሽ እጅ..." አለችና ተወችው።

መስከረም 4

በዓሉ አለፈ። ቀይ ጨርቅ፣ ሰልፍ፣ ጭብጨባ። የኤሌክትሪክ ጊታር ሰጡኝ። ክሮቹ ሁሉ አዲስ። ስመታው ድምፁ ከእጄ አይወጣም፣ ከሩቅ ካለው ሳጥን ነው የሚወጣው። አንድ ጊዜ ብሳሳትም ማንም አላወቀም።

ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። ቀመሪያ ብቻ አላለችም። ክንዴን ያዝ አድርጋ ባልዲዋን አንስታ ሄደች።

ካሴቱን መልሱልኝ ብዬ ጠየቅኩ። ንግግር ቀድተንበታል አሉኝ።

ጥቅምት 10

የዘማቾች መሸኛ ጥቅምት 18 ነው። የከፍተኛው ኪነት ሜዳው ላይ ይጫወታል ተባለ። ጓድ ወጋየሁን ለብቻው አግኝቼ ለመንኩት። ታምሜያለሁ ልበል፣ የዛን ቀን ብቻ...

"እህት ወንድሟን በሙዚቃ ስትሸኝ ሰው ይይ ተብሏል። ስምሽን የበላይ አካል ያውቀዋል።" ከዚያም "ፈገግ በዪ ብቻ። ከቻልሽ" አለ።

ጥቅምት 17

ተካ ልብሱን አጥቦ ገመድ ላይ ያሰጣል፣ እኔ እንዲደርቅ አራግፋለሁ። ፀሐይ። አንዲት ደመና የለችም። ድንገት ተካ፦

"ላፍቶ ቴፑን ያዞርኩት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"ጊታሩን ስትቃኚ። በርጩማውን በእግሬ ገፋ አደረግኩት ወዳንቺ።"

ሸሚዙ እጄ ላይ ቀረ። ለምን አልኩት። ጮህኩ መሰለኝ፣ ቀመሪያ ብቅ ብላ ተመለሰች።

"ሁልጊዜ ዝናብ ሥር ነሽ። አንድ ቀን እንኳን በደንብ ሰምቼሽ አላውቅም። ደግሞ... ጊታሩ ካማረ ሁለታችንንም ይወስዱናል ብዬ ነው። አንዱን ብቻ ይመርጣሉ ብዬ እንዴት ልወቅ?"

መታሁት። ደረቱን፣ በእርጥቡ ሸሚዝ። ከዚያ ይዤው አለቀስኩ። "ለእማዬ አትንገሪያት" አለኝ። እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?

በሱ እናደዳለሁ? በራሴ? ሁለት ጊዜ ደስ ብሎኝ የሰማሁት እኔ አይደለሁ?

ጥቅምት 18፣ እሑድ

ሜዳው ሙሉ ሰው። ካሚዮኖቹ በሰልፍ ቆመዋል። እኛ መድረክ ላይ፣ ካኪ ለብሰን። ልጆቹን በስም እየጠሩ ያሳፍራሉ፣ እናቶች ከገመድ ወዲያ ናቸው። እማዬን አየኋት፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታለች። ኦቦ ቱሉም መጥተው ነበር። ማንን ብለው መጡ? የሳቸው ልጅ እኮ ሄዷል።

ሦስተኛው ዘፈን የተካ ዜማ ነው። ተናኘ የምትባል ድምፃዊት ትዘፍነዋለች። ቃሉን ለውጠውታል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሻገር ብቻ ነው። ወንዝ የለም፣ ማዶ የለችም፣ ማንም ምንም አያቅተውም። እኔ መታሁ። እጄ ዜማውን ያውቀዋል፣ አልቆምም አለ።

ተካ ካሚዮኑ ጫፍ ላይ ቆሞ ያየኛል። አፉ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ማጉያው ጆሮዬን ስለደፈነው አልሰማሁትም። ከከንፈሩ ግን አወቅኩት። የራሱን ቃል ነው የሚዘፍነው፣ ያቃተውን።

ካሚዮኑ ሲንቀሳቀስ ዘፈኑ አላለቀም ነበር። ማቋረጥ አይቻልም። አቧራው ውስጥ እስኪገቡ መታሁ።

ፈገግ አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም።

ኅዳር 6

ምንም ወሬ የለም። የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። እማዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

በጋ። ዝናብ የለም፣ ቆርቆሮው ዝም ብሏል። ጥበቃው ሲያገኘኝ "ጓድ ውብነሽ" ብሎ መንገድ ይለቅልኛል። ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ራሱ ያባርርልኛል። ሦስተኛው ክር የፋብሪካ ሆኗል። በፈለግኩበት ሰዓት፣ እንደፈለግኩ መጫወት እችላለሁ። ከመሸኛው ወዲህ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም። ለኪነቱ ስጠራ እሄዳለሁ፣ እመታለሁ፣ እመለሳለሁ።

ትናንት ጓድ ወጋየሁ ጠራን። ኪነቱ በጥር ወደ ማሠልጠኛ ጣቢያዎች ይወጣል፣ ዘማቾችን ለማበረታታት። የትኞቹ ጣቢያዎች? ሲነገራችሁ ታውቃላችሁ አለ። የሚሄዱት ግን ጥቂቶች ናቸው፣ ይመረጣል፣ ጎበዝ ጎበዙ ብቻ።

እጄን አወጣሁ። ከሁሉም ቀድሜ። ሌሎቹ ዞረው አዩኝ። እስከ ዛሬ እየተጎተትኩ ነዋ የምመጣው።

"ነቅተሻል ማለት ነው" አለ ጓድ ወጋየሁ ሰው ሁሉ እየሰማ። ለብቻችን ስንሆን ግን ዓይኔን ሳያይ "እሱ ባለበት ላንደርስ እንችላለን" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ለእማዬ ነገርኳት።  ወጥታ ቀመሪያ ጋ ሄደች፣ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። ሱፍ ክር ተበድራ ነው፣ ለተካ ካልሲ ልትሠራ።

ዛሬ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆማለች። ጊታሩን ራሷ ጎንበስ ብላ ከሥር አውጥታዋለች። በሁለት እጇ ነው የያዘችው፣ አያያዙን አታውቅበትም። አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችው።

"ተነሺ" አለችኝ። "ተለማመጂ እንጂ! ካላማረ አይወስዱሽም።"